ከሰሙ ሥር ያለው መዳብ

ጥያቄው፦ «አጎቴ ፓሪስ ብዙ ዓመት ኖረው ሲመለሱ ያመጡት አንድ የፈረንሳይ ኅትመት ወርሻለሁ። መሐሉ ላይ በረዶ የለበሰ የፓሪስ ጎዳና ይታያል። ዙሪያውን ባለው ኅዳግ ላይ ግን የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ሰዎች፣ ፈረሶችና ውሾች ተሞነጫጭረዋል። አንዳንዶቹ ጎልተዋል፤ አንዳንዶቹ እንደ ጥላ ደብዝዘዋል። ጀርባው ላይ በእርሳስ ‹ፌሊክስ ቡኦ፣ 1879› ተብሎ ተጽፏል፤ ከፊት በኩል ደግሞ የወፍ ቅርጽ ያለው ትንሽ ቀይ ማኅተም አለ። ታሪክ የሚያነብ አንድ ወዳጄ ያጎነበሱት ሰዎች ከፓሪስ ኮምዩን፣ ማለትም ከ1871ዱ የከተማዋ ሕዝብ ዓመፅ፣ በኋላ ተግዘው የነበሩና በምሕረት የተመለሱ ናቸው፤ ኅዳጉ በሙሉ ምስጢር ነው ይለኛል። ባለቤቴ በበኩሏ አንድ ሰው በኋላ የሞነጫጨረው ነው ትላለች። እነዚህ ትንንሽ ምስሎች ምንድን ናቸው? ፍሬም ሠሪው ጠርዙን ቆርጬ መሐሉን ብቻ ላስገባው ብሎኛል።»

ጤና ይስጥልኝ። ከሁሉ አስቀድሞ ፍሬም ሠሪውን ያስቁሙልኝ። የቀረው ሁሉ ቀስ ተብሎ ሊታይ ይችላል፤ የተቆረጠ ኅዳግ ግን ተመልሶ አይበቅልም።

ሥራዬ አሮጌ የወረቀት ሥዕሎችን መጠገንና ማጥናት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ከተሠሩ ኅትመቶች ውስጥ እንደ ቡኦ ኅዳጎች ደጋግሜ የተመለከትኳቸው ጥቂት ናቸው። የወዳጅዎንም የባለቤትዎንም ሐሳብ በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ሁለቱም ከእውነቱ ቁራጭ ይዘዋል። ባለቤትዎ ያዩት የሙከራ እጅን ነው፤ ቸኩሎ የሚሄድ፣ ያላለቀ እጅ። ወዳጅዎ ደግሞ ምስሎቹ በዘፈቀደ እንዳልተበተኑ ታውቋቸዋል። ሁለቱም የዘለሉት አንድ ጥያቄ አለ፦ ምስሉ በምን መሣሪያና በየትኛው የሥራ ደረጃ ላይ ነው የገባው? እኔ ይህን ሳልጠይቅ ስለ አንድ ትንሽ ሰው ትርጉም መናገር አልደፍርም።

እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሕዝብ ነን። ላይ ላዩን የተነገረውን አልፎ ከሥሩ የተቀበረውን መፈለግ ልማዳችን ነው፤ ወዳጅዎም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በዚህ ጥበብ ግን ሰሙ ምሳሌ አይደለም፤ በእጅ የሚዳሰስ እውነተኛ ሰም ነው። ሠዓሊው ተወልውሎ የለሰለሰ የመዳብ ሰሌዳ ይወስዳል። ሰም፣ ሬንጅና ሙጫ የተቀላቀለበትን ስስ ቅባት በሙቀት ያለብሰዋል፤ በጭስ ያጠቁረዋል። ከዚያ በመርፌ ይሥልበታል። መርፌው ሰሙን ገልጦ ከሥሩ ያለውን ቀይ መዳብ ያሳያል እንጂ መዳቡን ራሱን አይቆርጥም። ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባ ሰም የሸፈነው ይተርፋል፤ የተገለጠው መስመር ይበላል። ፈረንሳዮች ይህን ጥበብ በአሲዱ ስም «ብርቱ ውኃ» ብለው ይጠሩታል። ሰሙ ሲጠረግ ጎድጓዳ መስመሮች ይቀራሉ፤ ቀለም ይሞላባቸዋል፤ የሰሌዳው ገጽ በጨርቅ ይጠረጋል፤ የራሰ ወረቀት ተደርቦበት በከባድ መዳመጫ ሥር ያልፋል። እንግዲህ እዚህ ከሰሙ ሥር የሚገኘው መዳብ ነው። ለጥያቄዎ የሚሆነውም መልስ አብዛኛው የተጻፈው እዚያው መዳብ ላይ ነው።

አሲድ እንደ ባሕርይው የሚታመን ነገር አይደለም። ክፍሉ ሲሞቅ ይፈጥናል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፤ ብዙ ሰሌዳ የበላ አሲድ ደግሞ ይደክማል። ሳምንታት የፈጀበትን ሥዕል ለእንዲህ ያለ ፈሳሽ አሳልፎ ከመስጠቱ በፊት ሠዓሊው ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ጥቂት መስመሮች ይጭራል፤ የሰው ራስ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የውሻ ጀርባ፣ ለእጁ የቀለለውን ሁሉ። በዚያ ላይ የመርፌውን ስለትና የአሲዱን ጉልበት ይለካል። ዋናው ኅትመት ከመጀመሩ በፊት ጠርዙ ተፍቆ፣ ተወልውሎ ይጠፋል። ፈረንሳዮች ይህን የጠርዝ ጭረት «ረማርክ» ይሉታል። በየገዳሙ የብራና መጻሕፍትን የገለጠ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ የእኛ ጸሐፍትም አዲስ የተቀረጸ ብርዕ ሲይዙ በባዶው ቅጠል ወይም በኅዳጉ ላይ «ፍትነተ ብርዕ» ብለው ይሞክሩት ነበር። እዚያ ፍትነተ ብርዕ፣ እዚህ ፍትነተ መርፌ ብንለው ስሕተት አይሆንም።

ታሪኩ ግን እዚያ አልቆመም። ከመቶ ዓመቱ አጋማሽ በኋላ በፈረንሳይ የመዳብ ኅትመት እንደገና ነፍስ ዘራ። በ1862 (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሲድ ኅትመት ሠዓልያን ማኅበር በፓሪስ ተመሠረተ፤ ሰብሳቢዎች በዙ። ሰብሳቢ ደግሞ ሌላው የሌለውን ይወዳል። ጠርዙ ላይ ያልተፋቀ ጭረት ያለበት ቅጂ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቅጂዎች አንዱ መሆኑ በዚያ ጭረት ይታወቅ ስለነበር ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ አለ። ይህን ያዩ አሳታሚዎች ለሽያጭ ብቻ ሲባል ጠርዝ ላይ አንዲት ወፍ ወይም አንዲት አበባ እንድትጨመር ማዘዝ ጀመሩ። የዚያ ዓይነቱ ረማርክ በእኔ ዓይን ባዶ ጌጥ ነው፤ ትርጉም ፍለጋ ቢደክሙበት ከዋጋ ዝርዝር ሌላ አያገኙበትም።

ቡኦ የመጣው በዚህ መሐል ነው። በ1847 ኖርማንዲ ውስጥ ቫሎኝ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹን በልጅነቱ አጣ። በ1860ዎቹ አጋማሽ ወደ ፓሪስ ገባ፤ ሥዕል እየተማረ ለእንጀራው ማራገቢያ ይሥል፣ ለሙዚቃ ኖታ ሽፋን ይሠራ ነበር። ወደ መዳብ የተሻገረው በ1870ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት አሥርት ዓመታት ያልሞከረው መንገድ የለም፦ አሲድ፣ መዳቡን በቀጥታ የሚጭር ደረቅ መርፌ፣ ጥርስ ያለው ተሽከርካሪ መንኮራኩር፣ በሙጫ ዱቄት ግራጫ ጥላ የሚሰጠው አኳቲንት፤ አንዳንዴም ሁሉም በአንድ ሰሌዳ ላይ። የሚወደው አየሩን ነበር፤ ዝናብን፣ ጭጋግን፣ በረዶን፣ የረጠበ መንገድን። በ1878 የሠራት አንዲት ትንሽ ኅትመት በዝናብ የሚያልፍ የቀብር ጉዞ ታሳያለች። ከሟቹ ይልቅ ዝናቡ ነው የሚያስለቅሰው፤ እኔ ከትላልቆቹ ሥራዎቹ ይልቅ እርሷን እመርጣለሁ። በ1898 ፓሪስ ውስጥ በ50 ዓመቱ ሲሞት ከኅትመት ሥራ ከራቀ ዓመታት አልፈው ነበር፤ መንፈሱን የተጫነው ሐዘን መርፌውን አስጥሎታል።

ይህ ሰው የጠርዙን ጭረት ከሙከራም ከሽያጭም አውጥቶ ሌላ ነገር አደረገው። ሰፊ ኅዳግ ይተውና በዚያ ላይ ከመሐሉ ትዕይንት ጋር የሚዛመዱ ትንንሽ ምስሎች ይበትናል። ለዚህ የራሱን ስም አወጣለት፤ «ሲምፎኒያዊ ኅዳግ» አለው። ቃሉን ልብ ይበሉልኝ፤ ከሙዚቃ ነው የተወሰደው። ምስጢር፣ ፍቺ፣ ቁልፍ የሚል ቃል መምረጥ ይችል ነበር፤ የመረጠው ግን ብዙ መሣሪያዎች አብረው የሚጫወቱበትን ሙዚቃ ነው። መሐሉ መሪ ዜማ ነው፤ ኅዳጉ አጃቢ። አጃቢ መሪውን አይተረጉምም፤ ያሰፋዋል፣ ያስተጋባዋል፣ አንዳንዴ ቀድሞት ይሄዳል።

ስለዚህ የእርስዎን ኅትመት ሳነብ ከመሐሉ እጀምራለሁ። መሐሉ በረዶ ነው። ጎዳናው ነጭ፣ ሰማዩ ግራጫ፣ ጋሪዎቹና ሰዎቹ ጥቁር ነጥቦች። አንድ ሠዓሊ ይህን ሲሠራ መሐሉ ላይ ያልገቡለት ስንት ነገሮች አሉ! በረዶው ለጋሪ ነጂው አንድ ነገር ነው፤ ለፈረሱ ሌላ፤ ለውሻው ሌላ፤ ካባዋን አጣብቃ ለምትሮጥ ሴት ደግሞ ሌላ። በአንድ ሰፊ ትዕይንት ውስጥ ሁሉንም ከቅርብ ማሳየት አይቻልም። ኅዳጉ ያንን ቅርበት ይሰጠዋል። መሐሉ ላይ ከሩቅ ያዩት ነጥብ ኅዳጉ ላይ ትከሻ፣ ባርኔጣና ትንፋሽ ያለው ሰው ሆኖ ይመለሳል። እስቲ ማጉያ መነጽር ይዘው ከመሐሉ ወደ ኅዳጉ ዓይንዎን ያመላልሱ፤ የትኛው ትንሽ ሰው ከየትኛው ነጥብ እንደወጣ ራስዎ ይደርሱበታል። እኔ በዚህ መንገድ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ አሳልፌ አውቃለሁ።

ስለ ወዳጅዎ ንባብ ደግሞ በግልጽ ልናገር። ታሪኩን አልተሳሳቱም። ኮምዩን በ1871 ተደመሰሰ፤ ብዙዎች ተጋዙ፤ በ1879 ከፊል፣ በ1880 ሙሉ ምሕረት ተደረገ። ዓመቱ ይገጥማል። ግን ዓመት ስለገጠመ ብቻ ምስል አይፈታም። በዚያው ዓመት በፓሪስ ሌላ ነገርም ሆኗል። የ1879 ታኅሣሥ በከተማዪቱ ከተመዘገቡት ብርዶች ሁሉ የከፋው ነበር፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 10 ቀን ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወደ 24 ዲግሪ ወረደ፤ የሴን ወንዝ ረጋ። ሰው እንዲህ ባለ ክረምት ለምን እንደሚያጎነብስ ማስረጃ አያስፈልገውም። በዓመቱ የትኛው ወር መርፌው እንዳረፈ ከኅዳጉ ብቻ ልነግርዎ አልችልም፤ ነገር ግን መሐሉ በረዶ፣ ኅዳጉ ያጎነበሰ ሰው ሆኖ ሳለ ቅርቡን ምክንያት ዘሎ ሩቁን መጥራት ለእኔ አይዋጥልኝም። ወዳጅዎ ንባባቸው እንዲጸና ከፈለጉ ከመዳቡ የሚነሣ አንድ ምልክት ያሳዩን፤ የእስር ቤት ልብስ፣ መርከብ፣ የተጻፈ ቃል፣ ባንዲራ። አንድ ምልክት ይበቃኛል።

ባንዲራ ስል አንድ ምሳሌ ትዝ አለኝ። ቡኦ በክሊሺ ጎዳና የተከበረውን የሕዝብ በዓል የሚያሳይ ኅትመት አለው፤ ባንዲራው ጎዳናውን ሞልቶታል። የፈረንሳይን ታሪክ በጥቂቱ የሚያውቅ ሁሉ «ሐምሌ 14 ነው፣ የባስቲል ቀን» ይላል። አይደለም። ሐምሌ 14 የብሔራዊ በዓል ቀን ሆኖ በሕግ የተደነገገው በ1880 ነው። የቡኦ በዓል ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ ሰኔ 30 ቀን 1878፣ ከዓለም አቀፉ ኤግዚቢሽን ጋር ተያይዞ የተከበረው ነው። ባንዲራን የመሰለ ጎላ ያለ ምልክት እንኳ ቀኑ ካልተጣራ ወደ ተሳሳተ ቦታ ይመራል። ከባቄላ ፍሬ የምታንስ የጎበጠች ትከሻማ እንዴት አታሳስት!

ወዳጅዎ ለምን ምስጢር እንደጠረጠሩ ግን ይገባኛል። በዚያው ፓሪስ፣ በዚያው መዳብ ላይ፣ በእውነት ምስጢር የሚቀብር ሰው ነበር። ሻርል ሜሪዮን ይባላል። በ1821 ተወለደ፤ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር፤ ቀለም መለየት ስለማይችል ቅብ ትቶ ወደ ጥቁርና ነጩ ኅትመት ዞረ። የፓሪስን ድልድዮችና ማማዎች እንደ እርሱ የቀረጸ የለም። አእምሮው እየታወከ ሲሄድ ሰማዩን በእንግዳ ፍጥረታት ሞላው፤ በ1868 ሻራንቶን በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። በአንድ የድልድይ ኅትመቱ ላይ መጀመሪያ ባሉን ይበር ነበር። በኋላ ባሉኑን ፍቆ በምትኩ አሞሮች የመሰሉ ወፎችን አስገባ። ባለቅኔው ቦድሌር በ1860 ለአሳታሚው በጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ ያነሣል፤ በፓሪስ ሰማይ ይህን ያህል ንስር መኖሩ የማይመስል ነገር እንደሆነ ሲነግረው ሜሪዮን መሠረት እንዳለው መለሰለት። የንጉሠ ነገሥቱ ሰዎች በጥንቱ ሥርዓት ገድ ለማየት ንስር ይለቅቃሉ፣ ይህም በጋዜጣ ወጥቷል አለው። ከዚያም በሌላ ኅትመት ላይ በድልድዩ ግንብ ያረፈ ጥላ የሰው ራስና የአንበሳ አካል ያለው የስፊንክስ መልክ እንደያዘ፣ እርሱ ራሱ ሳያስበው እንደመጣ፣ ይህም ያው ንጉሠ ነገሥት፣ ሉዊ ናፖሊዮን፣ ከመንገሡ በፊት ካደረገው መፈንቅለ መንግሥት ጥቂት ቀደም ብሎ እንደሆነ ነገረው።

ይህን ያነበበ ሰው በየኅትመቱ ላይ ስፊንክስ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ነገር ግን በሜሪዮን ላይ እንኳ ጽኑ መሬት የሚሰጠን መዳቡ ነው። ባሉኑ ቀድሞ፣ ወፎቹ በኋላ መምጣታቸውን የምናውቀው ከተለያዩ የሥራ ደረጃዎች የታተሙ ቅጂዎች ስላሉን ነው። አንድ ሰው ሆነ ብሎ ፍቆ በቦታው ሌላ ነገር ሲያስገባ ያ ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ ደግሞ ሊተረጎም ይችላል። የጥላው ስፊንክስ ግን ሠዓሊው ራሱ ሳያስበው እንደመጣ የነገረን ነው። ወፎቹ የሜሪዮን ሥራ ናቸው፤ ስፊንክሱ የሜሪዮን ሕመም ሳይሆን አይቀርም። የሜሪዮንን ቁልፍ ወስዶ የቡኦን በር መክፈት ደግሞ ሁለት ጊዜ ያሳስታል። ቡኦ ያዘነ ሰው ነበር፤ የሙት ከተማ መናፍስትንም ሥሏል። ሲሥል ግን በግልጽ ነው የሚሥለው፤ መንፈሱ መንፈስ ይመስላል፣ ስሙም ከሥራው ርእስ ላይ ይነበባል።

አሁን ወደ ድብዝዝታው ልምጣ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሳበኝ እርሱ ነው። ምስሎቹ እኩል አለመጉላታቸው ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላሉ፤ በማጉያ መነጽርም ይለያሉ።

አንደኛው አሲዱ ነው። ሠዓሊው ሰሌዳውን ጥቂት ደቂቃ አሲድ ውስጥ አቆይቶ ያወጣዋል፤ ቀጭን እንዲሆኑ የሚፈልጋቸውን መስመሮች በቫርኒሽ ይሸፍናል፤ የቀሩትን ለተጨማሪ ጊዜ ይመልሳል። እንዲህ ያለው ደብዛዛ መስመር ቀጭን ቢሆንም ጥርት ያለ ነው፤ ዳርና ዳሩ ንጹሕ ነው። ሠዓሊው ራሱ ሩቅ እንዲመስል ፈልጎት ነው ማለት ነው። በኅዳጉ ላይ ቅርብና ሩቅ የፈጠረው በዚህ ነው፤ አንዱ አጃቢ ከፍ ብሎ ሲጫወት ሌላው ዝግ ይላል።

ሁለተኛው ደረቅ መርፌ ነው። ያለ ሰምና ያለ አሲድ መርፌው መዳቡን በቀጥታ ሲጭር፣ ማረሻ አፈር እንደሚገለብጥ ሁሉ፣ በጭረቱ ዳር የመዳብ ፍልቃቂ ይቆለላል። ቀለም እዚያ ይያዛል፤ በወረቀቱ ላይ እንደ ከፋይ ጨርቅ ለስላሳ ጥቁር ይወጣል። ያ ፍልቃቂ በመዳመጫው ክብደት ቶሎ ይረግፋል፤ ጥቂት ደርዘን ቅጂዎች ሲታተሙ ከፋዩ ጠፍቶ ባዶ ጭረት ይቀራል። የእርስዎ ደብዛዛ ምስሎች እንዲህ ያሉ ከሆኑ ሰሌዳው ብዙ ከሠራ በኋላ የታተመ ቅጂ ነው የያዙት። ትርጉሙ አልደበዘዘም፤ መዳቡ ደክሟል።

ሦስተኛው ልብ የሚነካው ነው። ምስሉ በመወልወያ ብረት እንዲጠፋ ተደርጎ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ሲቀር። ያኔ መስመሩ ይቆራረጣል፤ አንድ እግር አለ፣ ሌላው የለም፤ በዙሪያውም ቀለል ያለ ግራጫ ደመና ይታያል፤ የተወለወለው ቦታ ቀለም በተለየ መንገድ ስለሚይዝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካገኙ ቡኦ ሐሳቡን ሲቀይር አግኝተውታል ማለት ነው። እርሱ ሰሌዳዎቹን ደጋግሞ የሚያርም፣ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ምስል የሚጨምርና የሚቀንስ ሰው ነበር። ጉስታቭ ቡርካር በ1899፣ ቡኦ በሞተ በዓመቱ፣ ያወጣው የሥራዎቹ ዝርዝር እነዚህን ደረጃዎች አንድ በአንድ ይመዘግባል። የእርስዎ ቅጂ የየትኛው ደረጃ እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው፤ በኅዳጉ ላይ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ በመቁጠር።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ላንሣ፤ ግራና ቀኙን ሲያነቡ ይጠንቀቁ። ኅትመት መስታወት ነው፤ በመዳቡ ላይ በስተቀኝ የተሣለው በወረቀቱ በስተግራ ይወጣል። ሠዓልያን ዋናውን ትዕይንት ሲሠሩ ይህን አስበው አስቀድመው ይገለብጡታል። የኅዳግ ምስል ግን ብዙ ጊዜ ከእጅ እንደወጣ የሚሣል ነውና የሚገለብጠው የለም። ስለዚህ አለንጋውን በግራ እጁ የያዘ ጋሪ ነጂ ቢያገኙ «ግራኝ ነው፣ ምልክት ነው» አይበሉ። ጥላ ለመስጠት የተደረደሩትን ጭረቶችም ይመልከቱ። በቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው ጭረቱን ከላይ ቀኝ ወደ ታች ግራ ያወርዳል፤ በኅትመት ሲገለበጥ ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ ይሆናል። በወረቀቱ ላይ በቀጥታ የተሞነጫጨረ ግን አይገለበጥምና፣ ይህ ትንሽ ነገር ለባለቤትዎ ጥያቄም መልስ ለመስጠት ይጠቅማል።

የባለቤትዎ ጥርጣሬ ቀላል አይደለምና በአግባቡ ይመርመር። በመጀመሪያ ወረቀቱን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አኑረው በጨለመ ክፍል ውስጥ አንድ መብራት ከጎን፣ ዝቅ አድርገው ያብሩበት። የመዳቡ ጠርዝ ወረቀቱን ተጭኖ የተወው አራት ማዕዘን ጉድጓድ ይታይዎታል። ምስሎቹ ከዚያ አራት ማዕዘን ውስጥ ከሆኑ ከሰሌዳው ጋር የመታተማቸው ዕድል ትልቅ ነው፤ ከውጭ ከሆኑ ሌላ እጅ ወይም ሌላ ሰሌዳ አለ። ቀጥሎ አሥር ጊዜ በሚያጎላ መነጽር መስመሩን ይዩ። የታተመ መስመር ቀለሙ ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደ ክር ይቆማል። እርሳስ ከጎን ሲበራበት ያብለጨልጫል። የብዕር ቀለም ወደ ወረቀቱ ክሮች ሰርጎ ዳሩ ይበተናል። መስመሩ በእኩል የተደረደሩ ነጠብጣቦች ሆኖ ከታየ ግን ዜናው ጥሩ አይደለም፤ በፎቶግራፍ መንገድ የተባዛ ቅጂ ነው። እንደዚያም ሆኖ ምስሎቹ የቡኦ ናቸው፤ ቅጂው ብቻ ነው የእርሱ እጅ ያልነካው።

ቀዩን ማኅተም በተመለከተ፣ ያቺ ወፍ ጉጉት ትሆናለች ብዬ እገምታለሁ። እባክዎ አይደንግጡ። በእኛ ዘንድ ጉጉት በሌሊት ጣራ ላይ ስትጮኽ ሟርት ናት፤ አንዲት አክስቴ ስሟን እንኳ ሲመሽ አትጠራም ነበር። ለቡኦ ግን ጉጉት የቤቱ ወፍ ናት። በሥራዎቹ ውስጥ ደጋግማ ትመጣለች፤ እርሷኑ ቀርጾ ማኅተም አደረጋትና በተለይ ባማሩለት፣ ወረቀቱም ቀለሙም በልኩ በወጡለት ቅጂዎች ላይ በቀይ ይመታት ነበር። ስለዚህ ማኅተሙ እውነተኛ ከሆነ የሟርት ምልክት ሳይሆን የሠዓሊው «ይህን ወድጄዋለሁ» ነው። እውነተኛ መሆኑን ለመለየት የሰብሳቢዎችንና የሠዓልያንን ማኅተሞች ከሰበሰበው፣ ፍሪትስ ሉክት በ1921 ካሳተመው መዝገብ ጋር ቅርጹን ማመሳከር ይቻላል፤ ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት አላቸው። ቀይ የጉጉት ማኅተም ደብዛዛ ደረቅ መርፌ ካለበት ቅጂ ጋር ቢገኝ ግን ቅንድቤን ከፍ አደርጋለሁ፤ ቡኦ የደከመ ቅጂ ለጉጉቱ የሚመርጥ ሰው አልነበረምና።

ወረቀቱ ቡናማ ወይም ወርቃማ ነገር የወረደበት ከሆነ ደግሞ «ቆሽሿል፣ ይታጠብ» የሚል ሰው ቢመጣ አይስሙት። ቡኦ ለጭጋጉና ለምሽቱ የሚስማማ ሙቀት ፍለጋ ወረቀቱን በተርፐንታይን የሚነክርበት ጊዜ ነበር። በአሮጌ ወረቀትና በጃፓን ወረቀት ላይም ያትም ነበር፤ ለጃፓን ዕቃ ያለው ፍቅር ትልቅ ነው፤ ወዳጁ የነበረው ሐያሲው ፊሊፕ ቡርቲ የሰበሰባቸውን የጃፓን ዕቃዎች በአሥር ኅትመቶች ሠርቷቸዋል። ቆሻሻ የመሰለው ቀለም የሥዕሉ አየር ሊሆን ይችላል። ታጥቦ ነጭ የሆነ አንድ የእርሱ ኅትመት አይቻለሁ፤ ዝናቡ ቆሞ ነበር።

ወደ ፍሬም ሠሪው ልመለስ። ለእርሱ ኅዳጉ ትርፍ ወረቀት ነው፤ በሌሎች ኅትመቶች ላይ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። በዚህ ላይ ግን የሥዕሉ ግማሽ ነው። እንዲህ ይበሉት፦ ወረቀቱ በየትም በኩል አይቆረጥ። ከፊት የሚገባው መስኮት ያለው ካርቶን አሲድ የሌለበት ይሁን፤ መስኮቱም ከመዳቡ የጠርዝ ጉድጓድ ውጭ ቢያንስ አንድ ጣት ያህል ሰፍቶ ይከፈት፤ ትንንሾቹ ሰዎች፣ ጉጉቷና ጉድጓዱ ራሱ እንዲታዩ። ከኋላ በፕላስተር ወይም በማስቲሽ አይለጠፍ፤ በቀጭን የጃፓን ወረቀት ማንጠልጠያና በስንዴ ስታርች ሙጫ ከላይኛው ጠርዝ ብቻ ይያዝ። መስታወቱ ወረቀቱን አይንካ። ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት ይራቅ።

ከመሰቀሉ በፊት ግን ከጎን በበራ መብራት አራቱን ማዕዘኖችና ደብዛዛዎቹን ምስሎች ከቅርብ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ። በተለይ ከሁሉ ይበልጥ የደበዘዘውን ሰው። አንድ እግር ብቻ ያለው ከሆነ አስቀድመው ይንገሩኝ።